ልጁ ከማን ጋር ነው የሚተኛው? የልጅ ቲቢን ከጎጃም ገጠር ቤት ጀምሮ ማግኘትና ማከም

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም አዲስ አበባ ናችሁ። ልጁ ያለው ግን ሞጣ ማዶ፣ ደጋ ዳሞት ወይም ጮቄ ሥር አንድ ጎጆ ውስጥ ነው። ለእናቱ ስትደውሉላት «ትንሽ ያስለዋል፣ ብርድ ነው» ትላችኋለች። ያኔ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ፣ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ምን ይዛ ምን ብላ እንደምትናገር፣ መድኃኒቱ ሲጀመር ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰጥ በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ልጅ ቲቢን ከሜዳ አያመጣም። ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት አዋቂ ሲያስል የሚወጣውን አየር አብሮት ያለው ልጅ ይስበዋል። ስለዚህ ከታመመ ልጅ ጀርባ ብዙ ጊዜ የሚያስል አዋቂ አለ። ልጁን ለማዳን ያንን ሰው መፈለግ ግድ ነው።

የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሳል ያዘው፤ «የሳንባ ምች ነው» ተባለና ሽሮፕ ተሰጠው። ትንሽ ተሻለው፤ ተመለሰበት። እንደገና ሽሮፕ። በመሐል አንዲት ጎረቤት «እንጥሉ ወርዶ ነው» አለችና እንጥሉን አስቆረጡት። ከዚያ እየከሳ ሄደ። ለከሳ ልጅ የሚሰጠው ፕላምፒ ነት የሚባል ምግብ ተጀመረለት፤ ክብደቱ ግን ንቅንቅ አላለም። በአራተኛው ጉዞ አንዲት ወጣት ነርስ ገና ማዳመጫዋን ሳታነሳ «ከማን ጋር ነው የሚተኛው?» አለቻት።

«ከአያቱ ጋር።»

«አያቱ ያስላቸዋል?»

እህቴ ዝም አለች። አባታችን ከጥቅምት ጀምሮ ያስላቸው ነበር። የእርጅና ሳል ነው ብለን ትተነው ነበር። እኔ በየሳምንቱ እደውላለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ላሟ እጠይቃለሁ። ይህችን አንዲት ጥያቄ ግን አልጠየቅሁም። ሁለቱም ታክመው ድነዋል። ልጁ ግን አምስት ወር ያለ አግባብ ተሠቃየ።

1. በስልክ ጠይቁ፤ አጠያየቁን ግን ተጠንቀቁ

«ቲቢ ያለበት ሰው አለ ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ። የለም ይሏችኋል። ቲቢ አሁንም በዘር የሚወርድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። «ዘራቸው ላይ አለ» ከተባለ ለሴት ልጅ ትዳር፣ ለወንዱም ጋብቻ መሰናክል ነው። ስለዚህ ይደብቃሉ። ስለ ሳል ብቻ ጠይቁ።

ልጁ ከማን ጋር ነው የሚተኛው? ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ያሳለው ማነው? ማታ ማታ የሚያልበው፣ የከሳ ሰው አለ? ባለፈው ዓመት ውስጥ ሲያስለው ቆይቶ ያረፈ ዘመድ አለ? ለመተማ ወይም ለሑመራ ሰሊጥ ሥራ ወርዶ የተመለሰ አለ? ይህን የመጨረሻውን አትርሱት። ብዙ የጎጃም አባወራና ወጣት በክረምት ማለቂያ ወደ ቆላ ወርዶ በጠባብ መጠለያ ከብዙ ሰው ጋር ያድራል። ሲመለስ ገንዘብ ብቻ ይዞ ላይመለስ ይችላል።

የአብነት ተማሪ የሆነ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ጥያቄውን ወደዚያ አዙሩት። የቆሎ ተማሪ ከቤቱ ርቆ፣ መስኮት በሌላት ትንሽ ጎጆ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተጠጋግቶ ያድራል። የሚበላው ለምኖ ያገኘውን ነው። አንዱ ካሳለው ሁሉም አንድ አየር ነው የሚስቡት። ማሳሉን ደውሎ የሚነግራችሁ የለም። ለየኔታ መልእክት ላኩ፣ ወይም ሰው ላኩና ይየው።

2. ልጁን አስተውሉ

አዋቂ ደም የቀላቀለ አክታ ሲተፋ ያስደነግጣል። ልጅ እንዲህ አይደለም። ትንሽ ልጅ አክታውን መልሶ ይውጠዋል። የሚታየው ቀስ እያለ የሚመጣ ለውጥ ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል። ማታ ማታ የሚመለስ ትኩሳት። ክብደት አለመጨመር ወይም መቀነስ። ከእኩዮቹ ጋር ይሯሯጥ የነበረ ልጅ ጥግ ይዞ መቀመጥ ከጀመረ ይህን ትልቅ ነገር አድርጋችሁ ውሰዱት። እናቱን «ይጫወታል?» ብላችሁ ጠይቋት። ከማንኛውም መለኪያ ቀድሞ እውነቱን የምትነግራችሁ በዚህ ጥያቄ ነው።

ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይወጣም። አንገቱ ላይ የማያመው፣ ከሳምንት ወደ ሳምንት የሚያድግ እጢ ሊሆን ይችላል። ኋላ ይፈርጥና ይመግላል። እኛ አገር ይህን በእሳት መተኮስ ወይም በቅጠል ማፍረጥ የተለመደ ነው። እባካችሁ አታስተኩሱት። ጠባሳው ዕድሜ ልኩን ይኖራል፤ በሽታው ግን ውስጥ ነው ያለው። አከርካሪው ላይ ከወጣ ደግሞ ጀርባው አንድ ቦታ ላይ ጎብጦ ይወጣል። «ወድቆ ነው» ይባላል። ወድቆ ላይሆን ይችላል።

እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ ነው። ሳልን አያድንም። ደም ያስፈስሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ልጁ መብላት ያቆማል። ከሁሉ የሚብሰው ግን «አስቆርጠነዋል፣ አሁን ይሻለዋል» እየተባለ የሚያልፈው ወር ነው።

«ተከትቧል እኮ!» የሚሉም አሉ። ሲወለድ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ሕፃናትን ከከባዱ ቲቢ፣ በተለይ ወደ አንጎል ከሚሄደው፣ በደንብ ይከላከላል። የሳንባውን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ጠባሳው ክንዱ ላይ ስላለ ምርመራ አይቅር።

3. እስከ ነገ የማይቆይ ነገር

ልጁ ከተንቀጠቀጠ፣ አልነቃ ካለ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ወይም ትንፋሹ ፈጥኖ ጎድኑ ወደ ውስጥ ከገባ የገበያ ቀን አይጠበቅም። ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ነው። በተለይ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቲቢ ከያዘው ወደ አንጎልና ወደ መላ አካሉ ቶሎ ይሰራጭበታል።

4. ጤና ጣቢያ ሲኬድ

መጀመሪያ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አግኙ። ጤና ኬላ ላይ ሆና ምን ያህል እንደከሳ ለማየት የልጁን ክንድ ትለካለች፣ ወደ ጤና ጣቢያ መላኪያ ወረቀት ትጽፋለች። ያለ ወረቀትም መሄድ ይቻላል። ወረቀቱ ግን መንገድ ያቀናል።

የሚያዘው ይህ ነው፦ የክትባትና የክብደት ካርዱ፣ የጤና መድን ደብተሩ፣ እስካሁን የወሰደው መድኃኒት ካርቶን ወይም ጠርሙስ፣ ለአንድ ቀን የሚሆን ስንቅ። የሚያስለውን አዋቂም ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ጉዞ ከምትከፍሉ አንድ ይሻላል። የቲቢ ምርመራና መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ትራንስፖርትና አንዳንድ ጊዜ ራጅ ግን ያስወጣል። እናንተ ከተማ ያላችሁ በዚህ ነው የምትደርሱላቸው።

እናቲቱ ክፍሉ እንደገባች የምትናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። በስልክ አስጠኗት። «ቤታችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚያስለው ሰው አለ፣ ከልጁ ጋር ነው የሚተኛው።» ቤት ውስጥ ቲቢ ታክሞ የሚያውቅ ሰው ካለ እሱንም ትጨምር። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የነበረበት ሰው ከሆነማ በፍጹም እንዳይረሳ፤ የልጁም መድኃኒት የተለየ ሊሆን ይችላል። የገጠር እናት ሐኪም ፊት ስትቆም ያልተጠየቀችውን አትናገርም። አክብሮት ነው። እዚህ ላይ ግን ደፈር ትበል።

ልጁ አክታ ማውጣት ካልቻለ ተስፋ አይቆረጥም። አሁን ከሰገራም መመርመር ይቻላል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ከልጅ ሰገራ የቲቢን ጀርም ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ለልጆች ተቀብሎታል። መሣሪያው እዚያ ከሌለ ናሙናው ወዳለበት ይላካል። «የሰገራ ምርመራ ለሆድ ትል ነው» ብላ እናቲቱ እንዳትተወው አስቀድማችሁ ንገሯት። የኤችአይቪ ምርመራም ይጠየቃል። ይህ ቲቢ ለተጠረጠረበት ሁሉ የሚደረግ ነው፤ ማንንም ለመጠርጠር አይደለም።

5. «ምርመራው ምንም አላሳየም» ከተባለ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጅ የሚቀረው። በልጅ ሰውነት ውስጥ ያለው የጀርም ብዛት ትንሽ ነው። ስለዚህ ቲቢ እያለበትም ምርመራው ነፃ ሊል ይችላል። ሐኪሙ የልጁን ምልክት፣ ራጁን፣ ቤት ውስጥ የሚያስለውን ሰው አንድ ላይ አይቶ ሕክምና ማስጀመር ይችላል። እናቲቱ «ነፃ ነው» ተብላ ከተመለሰች «መቼ ተመልሼ ላምጣው?» ብላ ቀን ትቀበል። አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት ከሆነ ያንን ጨርሶ ካልተሻለው መመለስ አለበት። ፕላምፒ ነት እየበላ የማይጨምር ልጅም እንዲሁ።

6. መድኃኒቱን ማዘጋጀት፦ ሲኒውን ይዛችሁ ሂዱ

ድሮ የአዋቂ ክኒን ነበር የሚቆረሰውና የሚፈጨው። መራራ ነው፤ ልጁ ይተፋዋል፤ ልኩም አይታወቅም። ከእ.ኤ.አ. 2015 መጨረሻ ወዲህ ግን ለልጅ ተብሎ የተሠራ፣ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ፣ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ክኒን ዓለም ላይ አለ። አንዱ ክኒን ሦስት መድኃኒት አጣምሮ ይይዛል። ኢታምቡቶል የሚባል አራተኛ ለብቻው ሊታከል ይችላል።

የሚሟሟው በ50 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው። ገጠር ቤት ውስጥ ሚሊ ሊትር የሚለካ ዕቃ የለም። መላው ይኸውና። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ አንድ የቡና ሲኒ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ነርሷ 50 ሚሊ ሊትር ለክታ ትጨምርበት። ውኃው የደረሰበት ላይ በማይለቅ ነገር ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወዲያ ያች ሲኒ የልጁ ናት። ቡና አይጠጣባትም።

ጠዋት ልጁ ሳይበላ ንጹሕ ውኃ እስከ ምልክቱ ሙሉ። የታዘዘውን ክኒን ጣሉበት፤ ሲኒዋን ዘወር ዘወር አድርጉ፤ ወዲያው ይሟሟል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣ። አዘጋጅታችሁ ወደ ምንጭ አትሂዱ። ሥሩ ላይ የቀረ ካለ ትንሽ ውኃ ጨምራችሁ አጥባችሁ ያንንም አጠጡት። ጠጥቶ ወዲያው ካስመለሰው ደግማችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ባለሙያዋን ደውላችሁ ጠይቁ።

ስንት ክኒን እንደሚሰጥ የሚወስነው ዕድሜ አይደለም፤ ክብደት ነው። ልጁ ሲያገግም ክብደቱ ይጨምራል፤ የክኒኑም ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ በየወሩ ይመዘን። የአባቱን ክኒን ቆርሶ ለልጁ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

7. ወሩን በባታ ወይም በሚካኤል ቁጠሩ

ከባድ ያልሆነ ቲቢ 4 ወር፣ ሌላው ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይታከማል። የአንጎልና የአጥንት ቲቢ 12 ወር ይደርሳል። የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ ይናገራል። እናቲቱ የወረቀት ካላንደር ላታነብ ትችላለች። ባታን፣ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምን ግን አትስትም። ሕክምናው በሚካኤል ሰሞን ከተጀመረ ከሚካኤል እስከ ሚካኤል አንድ ወር ነው። የስድስት ወር ሕክምና ከሆነ ስድስት ሚካኤል ትቁጠር። በየወሩ ሚካኤል ሲቃረብ መድኃኒት ትቀበላለች፤ ልጁም ይመዘናል። በበዓሉ ቀን እርሻ ስለማይወጣ ባልየውም አብሯት መሄድ ይችላል። ዋዜማውን ብትደውሉላት ደግሞ አትረሳም።

ሐምሌና ነሐሴ ወንዝ ይሞላል፤ መንገድም ሊዘጋ ይችላል። ያ ከመድረሱ በፊት ጤና ጣቢያውን ነግራችሁ በቂ መድኃኒት በእጃቸው ይያዙ።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ልጁ ሲሻለው ነው። በሁለተኛው ወር ሳሉ ይጠፋል፣ መብላት ይጀምራል፣ ከጥጆች ጋር ይሮጣል። እናቲቱም «ድኗል፣ ምን ያስጨንቀዋል» ትላለች። በዚህ ጊዜ ከተቋረጠ በሽታው ይመለሳል፤ ሲመለስም መድኃኒቱን የለመደ ሊሆን ይችላል።

ሽንቱና እንባው ብርቱካንማ ቢሆን አትደንግጡ። ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ነው። ደም አይደለም። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ገጠር ውስጥ ይህ «የወፍ በሽታ» ይባልና ልጁ ለባህል መድኃኒት ይወሰዳል። መድኃኒቱ ጉበቱን ነክቶት ሊሆን ስለሚችል ክኒኑን አቁማችሁ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ አድርሱት። ደጋግሞ ማስመለስና ሆዱን ማመምም እንዲሁ።

8. ምግብ፣ ጾምና ጠበል

እንቁላሉ ገበያ ይወጣል፤ ዘይትና ጨው ይመጣበታል። ይህን አውቃለሁ። ሕክምናው እስኪያልቅ ግን በሳምንት የተወሰነው ለልጁ ይቅር። ካልሆነም የባቄላና የአተር ሽሮው ወፈር ይበል፤ በገንፎው ላይ ቅቤ ወይም ዘይት ይጨመር። ጡት የሚጠባ ይጥባ። እናቱ ራሷ ቲቢ ቢኖርባትም በሕክምና ላይ ሆና ታጥባው።

ከፍ ያለ ልጅ ልጹም ካለ የንስሐ አባቱን አነጋግሩ። የታመመ እንዲጾም አይገደድም። ይህን እናንተ ከምትነግሯት ቄሱ ቢነግሯት ይሻላል። ጠበልም ከክኒኑ ጋር አይጣላም። ሄዶ ይጠመቅ፤ ክኒኑ ግን አብሮት ይሂድ። ብዙ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት አዳራሽ እንዳያድር ተጠንቀቁ።

9. ጤነኛ የሚመስሉት ወንድምና እህቶቹ

አንድ አዋቂ የሳንባ ቲቢ ከተገኘበት አብረውት ያሉ ልጆች በሙሉ ይመርመሩ። የማያስላቸውም ጭምር። በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያሉት። ቲቢ እንደሌለባቸው ከታየ በኋላ የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። አንዳንዱ ለ3 ወር በየቀኑ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ3 ወር የሚሰጥም አለ፤ 6 ወር የሚወሰድም አለ።

እናቶች እዚህ ላይ «ጤነኛ ልጅ መድኃኒት ይዋጣል እንዴ?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ለእህቴ እንዲህ አልኳት፦ «ዘሩ መሬት ውስጥ ገብቷል፤ ገና አልበቀለም። አሁን ብታርሚው ይሻላል፣ ወይስ እሸት ሲሆን?» ለታናሹ ልጇ መድኃኒቱን አስጨረሰችው። ልጆች ጀርሙን ከሳቡ በኋላ የሚታመሙት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ስለሆነ «ቆይ እስቲ እንየው» የሚባል ነገር አይደለም።

10. ቤቱ

በደጋው ብርድ በር መዝጋት ልማድ ነው። ቲቢ ግን ከብርድ አይመጣም። የታፈነ አየር ነው የሚያጠራቅመው። ቀን በሩ ወለል ብሎ ይከፈት። ከተቻለ ከበሩ ትይዩ ትንሽ መስኮት ይውጣ። የሚያስለው ሰው አፉን በጋቢው ወይም በነጠላው ጫፍ ይሸፍን፤ ሕክምና ጀምሮ ባለሙያው እስኪፈቅድለት ከልጆች ተለይቶ ይተኛ። አባታችን መደቡን ለልጁ ለቀው ጎተራው አጠገብ ተነጥፎላቸው ነበር። መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። ለልጁ ሲባል መሆኑን ሲያውቁ ራሳቸው ጋቢያቸውን ተሸክመው ሄዱ።

ሳህንና ኩባያ መለየት አያስፈልግም። ቲቢ በዕቃ አይተላለፍም። ልጁን ከማዕድ ማራቅ ማስራብ ነው። ወተት ግን ይፈላ፤ ከታመመች ላም ጥሬ ወተትም ቲቢ ይመጣል። ሕክምና ላይ ያለ ልጅ ጉልበቱ ሲመለስ ትምህርት ቤት ይመለስ፤ ትንሽ ልጅ ብዙውን ጊዜ ለሌላው አያስተላልፍም።

ዛሬ ማታ ስትደውሉ መጀመሪያ ከማን ጋር እንደሚተኛ ጠይቁ። ሕክምና ከተጀመረ ደግሞ በሚቀጥለው ሚካኤል ስንት ኪሎ እንደሆነ ጠይቁና ጻፉት።